ከአይፎን 13 ወደ 17 ልሂድ ወይስ ባትሪ ላስቀይር?

ቀይ ወጥ፦ ሰላም ቤተሰብ። ያለኝ አይፎን 13 ነው፣ 128 ጂቢ። ባትሪ ሄልዙ 78 በመቶ ደርሷል፤ ጠዋት ሞልቼው ወጥቼ 8 ሰዓት ላይ ቻርጀር ይፈልጋል። ሜሞሪው ላይ 6 ጂቢ ነው የቀረው፣ አንዳንዴም ይንቀራፈፋል። እህቴ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ስለምትመጣ 17 ላስመጣ ወይስ ይሄንኑ ላሠራው? ሥራው ቴሌግራም፣ የባንክ አፕና ፎቶ ነው።

ብሎን ፈቺ፦ የዘረዘርከው የባትሪና የሜሞሪ ችግር ነው፣ ስልኩ ገና ነው። የ13 ባትሪ አዲስ እያለ ወደ 3,240 ሚሊአምፒር ይይዛል፤ በ78 በመቶ ሒሳብ የቀረህ 2,500 ገደማ። መንቀራፈፉም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል፦ ያረጀ ባትሪ ከባድ ሥራ ሲመጣበት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም ድንገት እንዳይጠፋ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። አፕል አሜሪካ ውስጥ የ13ን ባትሪ በ89 ዶላር ነበር የሚቀይረው፤ 17 ሲወጣ መነሻው 799 ነበር። አይኦኤስ 26ም (የአይፎን ሶፍትዌር) 13 ላይ ይሠራል።

ሰፈር የምታሠራ ከሆነ ከሠሪው አጠገብ ቁም። ስልኩ ከመከፈቱ በፊት ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች ይውረድ። ባትሪውን ከሥር የያዙት ተለጣፊ ጭራዎች በዝግታ፣ ወደ ጎን ዝቅ ተደርገው ነው የሚሳቡት፤ ሽቅብ ከተሳቡ ይበጠሳሉ። ተበጥሰውበት በብረት መፈልቀቅ ከጀመረ አስቁመው፣ የተበሳ ባትሪ እሳት ነው። አልኮል ጠብ አድርጎ ትንሽ ቢታገሥ ይላቀቃል። የስክሪኑ ጠርዝ ማሸጊያ በአዲስ ካልተተካ ደግሞ ውኃ መከላከሉን እርሳው። ኦርጅናል ያልሆነ ባትሪ ከሆነ "ያልታወቀ ፓርት" የሚል ማስታወቂያ ይመጣብሃል፤ ስልኩ ግን ይሠራል።

የጠዋት ቡና፦ ሜሞሪውን የበላው መቶ በመቶ ቴሌግራም ነው 😂 ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግባና ካሹን (አፑ ስልክህ ላይ ያጠራቀመውን ፋይል) አጽዳው። የቻናልና የተራ ቻት ፋይል ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ስትነካው ተመልሶ ይወርዳል። ሲክሬት ቻት ላይ የተላላክኸው ግን ሰርቨር ላይ የለም፤ የምትፈልገውን አስቀድመህ አውጣ። እዚያው ገጽ ላይ የቻናሎችን ፋይል በሳምንት እንዲያጠፋ አድርገው።

ሲም አልባ፦ ከዱባይ ስለሚመጣው ማንም አላነሳም። የኤምሬትስ፣ የሳዑዲ፣ የኳታር፣ የኩዌት፣ የኦማንና የባሕሬን አይፎን 17 የሲም ማስገቢያ የለውም፣ ኢሲም (ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ፣ የማይነቀል ሲም) ብቻ ነው። የአሜሪካው ከ14 ጀምሮ እንደዚያው ነው። የአውሮፓው 17 ማስገቢያ አለው።

ቀይ ወጥ፦ ኢሲም ቢሆንስ ምን ችግር አለው?

ሲም አልባ፦ ይሠራል፣ ግን ስልክ ሲበላሽብህ ሲምህን ነቅለህ የጓደኛህ ስልክ ላይ መሰካት የለም። መስመርህን መጀመሪያ ኦፕሬተርህ ዘንድ ሄደህ ወደ ኢሲም ታስቀይራለህ፤ ሲጫን ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ዋይፋይ ይኑርህ። የተሰጠህ ኪውአር ኮድ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ስልኩን "ኢሬዝ" ስታደርግ (ሁሉን ስታጠፋ) ኢሲሙን አብረህ ካጠፋኸው ተመልሰህ ወረፋ ነው። የባንክ አፕም አዲስ ስልክ ላይ ምዝገባ ሊጠይቅህ ይችላል፤ ሁሉም አዲሱ ላይ ተከፍቶ ሳታየው አሮጌውን እንዳታጠፋ፣ እንዳትሸጥም። ዓርብ ከሰዓት አትጀምረው፤ አንዱ እንቢ ካለህ ቅዳሜና እሑድን ያለ ገንዘብ ልትቆይ ትችላለህ።

ብሎን ፈቺ፦ ለ17 ፍትሐዊ እንሁንለት፦ መነሻው 256 ጂቢ ነው፣ ስክሪኑ 120 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሴኮንድ እስከ 120 ጊዜ ይታደሳል (ያንተው 60)፣ ቻርጀሩ ታይፕ ሲ፣ ሁለቱም የጀርባ ካሜራዎች 48 ሜጋፒክሰል ናቸው፣ ያንተ 12። ማታ ቤት ውስጥ የሚነሳ ፎቶ ላይ ልዩነቱ ይታያል። አፕል ኢንተለጀንስ የሚባለውን የአፕል ኤአይ ከሒሳብ አውጣው፣ አማርኛ አይችልም። በፎቶ እንጀራ የምትበላ ከሆነ ግዛ፤ ካልሆነ ባትሪ።

የጠዋት ቡና፦ ያገለገለ 15ም አማራጭ ነው። ታይፕ ሲ አለው፣ ዋናው ካሜራ 48 ነው፤ አፕል ባትሪውን የሠራው 1,000 ዙር ተሞልቶም 80 በመቶ እንዲይዝ ነው፣ የ13 ግን 500 ዙር። ስክሪኑ ብቻ 60 ኸርዝ ነው። ከመክፈልህ በፊት ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ክፈት፦ ካሪየር ሎክ (ለአንድ ኦፕሬተር ብቻ መቆለፉን የሚያሳየው) የሚለው ቦታ ላይ "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካላለ አትንካው፤ ፓርት ተቀይሮ ከሆነም እዚያው ይጽፍልሃል።

ቀይ ወጥ፦ ካሹን አጸዳሁት፣ 41 ጂቢ ተለቀቀ። ቅዳሜ ባትሪ ላስቀይር ነው፣ እህቴን ቴምር ብቻ ይዘሽ ነይ እላታለሁ።