የሚበራና የሚጮህ መጫወቻ ኳስ መቅለብን ያስተምራል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አራት ዓመት የሞላው ልጄ ኳስ ሲወረወርለት እጁን የሚዘረጋው ኳሱ ደረቱን መትቶ ከወደቀ በኋላ ነው። ቅልጥፍናው እንዲጨምር በማሰብ፣ አራት ባለ ቀለም ቁልፎች በየተራ ሲበሩ ቅደም ተከተሉን ይዞ መጫንን የሚጠይቅ ኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ገዛሁለት። በመጫወቻው ጎብዟል፤ ኳሱን ግን አሁንም መቅለብ አልቻለም። መጫወቻው አይጠቅምም ማለት ነው ወይስ አጠቃቀማችን ነው የተሳሳተው?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
የገዙለት መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ ከቀረበው «ሳይመን» ከተባለው ጨዋታ ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ይህ ጨዋታ ደግሞ በዋናነት የሚያሠራው የአጭር ጊዜ ትውስታን ነው። ልጁ ያየውን ቅደም ተከተል ይደግማል እንጂ ድንገት ለመጣ ነገር ምላሽ አይሰጥም። ኳስ በሚቀለብበት ጊዜ ግን ዓይኑ የሚንቀሳቀሰውን ነገር መከተል፣ አእምሮው ኳሱ የትና መቼ እንደሚደርስ መገመት፣ ሁለቱ እጆቹም ከኳሱ ቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። ልምምድ በአብዛኛው የሚያሻሽለው የተለማመዱትን ነገርና እሱን በጣም የሚመስለውን ነው፤ ስለዚህ በመጫወቻው ጎብዞ በኳሱ አለመጎበዙ የሚያስገርም አይደለም። አዋቂ ሰው እንኳ ለታየ ብርሃን ምላሽ ለመስጠት ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የሕፃናት ከዚህ የዘገየ ሲሆን እስከ ጉርምስና ድረስ እየፈጠነ ይሄዳል። በዚህ ዕድሜ ትልቅና ለስላሳ ኳስ ከቅርብ ርቀት ቢወረወርለት ይበቃዋል።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም መጫወቻ ስትመርጡ ልጁን ከተቀመጠበት የሚያስነሣውን ምረጡ። ለምሳሌ ተለያይተው መሬት ላይ የሚቀመጡና ሳይታሰብ የሚበሩ መብራቶች ልጁ እንዲዞር፣ እንዲራመድ፣ ቀኝ እጁንም ወደ ግራ ጎኑ አሻግሮ እንዲነካ ያስገድዱታል። ፍጥነቱ የሚቀነስ መሆኑንም አረጋግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሚሳካለት ፍጥነት መጀመር ይሻላል፣ አለበለዚያ ልጁ ሳያይ ሁሉንም መደብደብ ይጀምራል። «አረንጓዴ ሲበራ ምታ፣ ቀይ ሲበራ እጅህን ሰብስብ» የሚል ደንብ ብትጨምሩ ራሱን መግታትንም ይለማመዳል፤ እኔ እንዲያውም ከፍጥነቱ ይልቅ ለዚህ ቦታ እሰጣለሁ። አልፎ አልፎ ድምፁን አጥፉት፤ ሰው ለድምፅ ከብርሃን ይልቅ ፈጥኖ ምላሽ ስለሚሰጥ፣ ብዙ ልጆች በዓይናቸው የሚከተሉ እየመሰሉ በጆሯቸው ይጫወታሉ። ኳሱን በተመለከተ፣ አስቀድማችሁ ስስ ሻሽ ወደ ላይ ወርውሩለት፤ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ እጁን ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል።

የሁለት ልጆች አባት፦
ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪውን ክዳን ገልብጣችሁ እዩ። በብሎን ያልታሰረ ከሆነ አትግዙት። 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ የሊቲየም ባትሪ ተውጦ ጉሮሮ ላይ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ልጁ መዋጡን ከጠረጠራችሁ እስኪያመው ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። በተለይ ታናሽ ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ድምፁን ሳጠፋበት በእርግጥም ግራ ተጋባ! በታብሌት የሚሠሩ ተመሳሳይ ጨዋታዎችስ ምትክ ሊሆኑ ይችላሉ?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
ለዚህ ዓላማ አልመክርም፤ ታብሌት ላይ የሚንቀሳቀሰው ጣት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በአንጻሩ ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ልጅዎ ከኳሱ ሌላ ደረጃ ሲወርድ የሚሰናከል፣ ዕቃ ሲያነሣ የሚስት ወይም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ከሆነ ሌላ መጫወቻ ከመግዛትዎ በፊት ዓይኑን ያስመርምሩ፤ ሁለቱ ዓይኖች ተቀናጅተው ካልሠሩ ርቀትን መገመት ያዳግታልና።