ታብሌቱን ማን ይግዛው? ወላጅ፣ ትምህርት ቤት ወይስ መንግሥት?

የሁለት ተማሪዎች አባት፣ አዲስ አበባ

ወገኖቼ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልጆቼ የሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት ባለፈው ቅዳሜ ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ከ5ኛ ክፍል በላይ ያለ ተማሪ ሁሉ የራሱ ታብሌት ይኑረው ተባልን። ዓይነቱም ተወስኗል፣ የሚገዛውም ከእነሱው ነው። አንዲት እናት ተነሥታ «እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ለየትኛው ልግዛ?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። መልስ የሰጣት የለም።

ልጆቼ በቴክኖሎጂ ቢማሩ ደስ ይለኛል። ጥያቄዬ አቀራረቡ ላይ ነው። ወላጅ ይግዛ? ትምህርት ቤቱ ገዝቶ ያውስ? ወይስ ዕቃው ትምህርት ቤት ተቀምጦ ልጆቹ በየተራ ይጠቀሙበት? ለመንግሥት ትምህርት ቤቶችስ የቱ ያዋጣል?

የሶፍትዌር ባለሙያ

እኔ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ባይ ነኝ። በተራ የሚባለውን አይተነዋል። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለአራት ልጅ አንድ ኪቦርድ። ፈጣኑ ልጅ ይነካካል፣ ሌሎቹ ትከሻው ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ይሰማዋል?

በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ የተሞከረውን አስታውሱ። ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ታብሌት ከነካርቶኑ ተሰጣቸው፣ አስተማሪ ግን አልተላከም። ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር እየዘመሩ ተገኙ። ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር በወራት ውስጥ ከፈቱት ተብሎ ተዘግቧል። ልጅ በእጁ ሲይዘው ነው የሚማረው።

የፊዚክስ መምህር፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ

ወንድሜ፣ ያነሣኸው ታሪክ እኔንም ደስ ይለኛል። ግን እነዚያ ልጆች ጋ የሄደው ታብሌት ብቻ አይደለም። ቻርጅ የሚያደርጉበት ሶላር ነበራቸው። በየሳምንቱ እየሄደ ሜሞሪ ካርዱን የሚቀይር ሰውም ነበራቸው። የእኔ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለውም።

እኔ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። ፕላዝማ ማለት ትምህርቱ በቴሌቪዥን የሚሰጥበት ነው፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው የገባው። ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ተሰቅሎ፣ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ያስተምረናል። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጠናል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን። መብራት ከሄደ ያ ክፍለ ጊዜ በቃ ሄደ፣ ስርጭቱ እኛን አይጠብቅም። የፊዚክስ መምህራችን ጥግ ይዞ ይቆም ነበር። ጎበዝ መምህር ነበር። ጠመኔውን በእጁ ይዞ፣ ሳይጽፍበት ደወል ሲደወል ዛሬም ይታየኛል።

አሁን የማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል አለው። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰዋል፣ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይምሰላችሁ። ዕቃው በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ማውጫ ቅጽ፣ በፊርማው ወጥቷል። አንዱ ቢሰበር ከደሞዜ ይቆረጣል ብሎ ይሰጋል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር። ማን ይግዛ የሚለው ጥያቄ ጥሩ ነው፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሲሰበር ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ይኼ ካልተመለሰ አንድ ሺህ ታብሌት ብታመጡልን አንድ ሺህ ጨርቅ ነው የምንፈልገው።

ምረጥ ካላችሁኝ ከመምህሩ ጀምሩ። ለመምህሩ ላፕቶፕ፣ ለክፍሉ ፕሮጀክተር። ከዚያ ኢንተርኔት የማይፈልግ ትንሽ ሰርቨር። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ቪዲዮውና መልመጃው አንዴ ከተጫነ ተማሪዎች በዋይፋይ ያለ ኢንተርኔት ይከፍቱታል። ታብሌቱ ለአንድ ክፍል ተማሪ የሚበቃ ያህል ተገዝቶ ከክፍል ክፍል ይዙር። ከበጀቱም ለጥገና የሚሆን ከመጀመሪያው ተቆርጦ ይቀመጥ።

የሶፍትዌር ባለሙያ

የሞዴል 22ቱን ነገር አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ መምህር። ዕቃው የልጁ ቢሆን ግን ይኼ ፍርሃት ራሱ አይኖርም ነበር እኮ። ቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ ኃላፊነቱም የእሱ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

እኔ ያለሁበት አገር ልጆቼ ከትምህርት ቤት ክሮምቡክ የሚባል ላፕቶፕ ተሰጥቷቸዋል። ከኮቪድ ወዲህ በብዙ ቦታ እንደዚህ ነው። ንብረቱ የትምህርት ቤቱ ነው፣ እኛ ውል እንፈርማለን፣ ልጁ ሲለቅ ይመልሳል። የትንሹ ልጄ ስክሪን ሲሰነጠቅ ወስዶ አስረከበ፣ በማግስቱ ሌላ ይዞ መጣ። ስለዚህ መምህሩ ያለው ልክ ነው። ሥርዓቱን አጽንቶ የያዘው ያ መለወጫ ዕቃ ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማታ የቤት ሥራ እየሠራ ነው ብዬ ስተወው ዩቲዩብ ላይ አገኘዋለሁ። በየቀኑ እንጣላለን። ዕቃው ቤት መምጣቱ ጥቅም ብቻ አይምሰላችሁ።

ደግሞ ከዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ሰብስበን በሻንጣ ለምንልክ ሰዎች፦ ባትሪውን ሳታዩ አትላኩ። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ምን ያደርግላቸዋል?

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ገጠር

እኔ የምለው አጭር ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ቀድሞ የደረሰኝ በቴሌግራም፣ በፒዲኤፍ ነው። ከስልኬ እያየሁ ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ሙሉ ክፍለ ጊዜው በመገልበጥ ያልቃል። ለእነዚህ ልጆች መጀመሪያ መጽሐፍ ይታተምላቸው። ስዊድን እንኳ በ2023 እ.ኤ.አ. ፊቷን ወደ ታተመ መጽሐፍ መልሳለች። ታብሌቱ ሲመጣም በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን የሚነበብ ነገር ይኑርበት። የ3ኛ ክፍል ልጅ በማያነበው ቋንቋ ታብሌት ብሰጠው ሥዕል ነው የሚያይበት።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ለሚለው፣ ፔሩን እዩ። ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፕ አከፋፍላለች። በ2012 እ.ኤ.አ. የኢንተር አሜሪካን የልማት ባንክ ጥናት ሲወጣ በሒሳብም በቋንቋም ፈተና ውጤት ላይ ለውጥ አልተገኘም። ልጆቹ ኮምፒውተር መጠቀም ለምደዋል፣ ያ አይካድም። ኡራጓይም ለሁሉም ነው የሰጠችው፣ ግን ጥገናውን፣ ኢንተርኔቱንና የመምህራን ሥልጠናውን አብሮ የሚይዝ ተቋም አቋቁማ ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያ

የፔሩን እቀበላለሁ። እንግዲያው መጀመሪያ ሥልጠናውና ጥገናው ይቅደም በሉ። ለሁልጊዜው ግን በተራ ይሁን አትበሉኝ። የሀብታም ልጅ ቤቱ ሲገባ የራሱ አለው። በተራ የሚጠቀመው ድሃው ብቻ ነው የሚሆነው።

የሁለት ተማሪዎች አባት

ይቺ የመጨረሻዋ ነካችኝ። በእኛ ትምህርት ቤትም ያቺን እናት ያስጨነቃት እሱ ነው፤ ልጇ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ብቻውን ባዶ እጁን እንዳይገባ።

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ረቡዕ የወላጅ ኮሚቴው ይገናኛል። ትምህርት ቤቱ በጅምላ ገዝቶ ለተማሪው ያውስ፣ የምንከፍለው በየተርሙ ትንሽ ትንሽ ይሁን፣ ዓይነቱን ብቻቸውን አይወስኑ እላለሁ። ሲሰበር ማን ይጠግናል፣ በስንት ቀን፣ በማን ወጪ የሚለውን ደግሞ በጽሑፍ እንዲሰጡን እጠይቃለሁ።

የፊዚክስ መምህር

ቻርጀሩንም ጻፍበት። ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው።