አስቸኳይ፦ ብሉሬይ ማጫወቻው ዲስኩን አላነብም አለ፣ ማታ ልጆች ይመጣሉ

ጽጌ_ሜሪላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ በሉልኝ። ዛሬ የልጄ ጓደኞች እኛ ቤት ያድራሉ፣ ፊልም ይታያል ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ሰዎች ዕቃ ሲሸጡ አንድ ካርቶን ሙሉ የፊልም ዲስክ ገዛሁ። ብሉሬይ ማጫወቻ ቤት አለ። ዲስኩን ሳስገባው ያሽከረክረዋል፣ ያሽከረክረዋል፣ ከዚያ አላውቀውም ብሎ ይተፋዋል። ሌላ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ጭረት የሚባል የለባቸውም፣ አዲስ ነው የሚመስሉት። ዲስኮቹ ኤችዲ (ምስላቸው ጥርት ያለ) ናቸው፣ ማጫወቻውም ኤችዲ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው? ልጆቹ 12 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ።

ሽቦ_በጣሽ
ከሶኬቱ ነቅለሽ ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ ሰኪው። የኔም እንዲህ ያደርግ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

የቦሌው_ልጅ
12 ሰዓት በእኛ ነው በነሱ? በነሱ ከሆነ እኩለ ሌሊት ነው፣ ምን አስቸኮለሽ? ሃሃ

ጽጌ_ሜሪላንድ
በእኛ ነው! ነቅዬ ሰክቼዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ተራ ዲቪዲ ሳስገባለት ደግሞ አሳምሮ ያጫውታል። አልፈልግም የሚለው እነዚህን ብቻ ነው።

ዳዊት_ስክሪን
ይቅርታ ግን በዚህ ዘመን ዲስክ? ከስልክሽ ወደ ቲቪው ላኪውና ተገላገይ። ልጆቹ እንደሆነ ዲስክ አይተውም አያውቁ ይሆናል።

ጽጌ_ሜሪላንድ
ወንድሜ፣ ገንዘብ ከፍዬበታለሁ እኮ። እሱን ምክር ለሌላ ቀን አቆይልኝ።

የካሳንቺስ_እህት
ሌንሱ አቧራ ይዞ ይሆናል የኔ ቆንጆ። የሌንስ ማጽጃ ዲስክ ይሸጣል፣ እሱን አስገቢበት።

የቦሌው_ልጅ
የዲስኮቹ ሳጥን ሰማያዊ ነው ቀይ? ቀይ ከሆነ ነፍስ ይማር፣ ለቅሶ እንድረስ።

ጽጌ_ሜሪላንድ
ቀይ ነው። የሳጥኑ ቀለም ምን አገናኘው?

ሽቦ_በጣሽ
ማጫወቻውን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተሽ ሶፍትዌሩን አድሺው። ከዚያ ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪው።

ጋሽ_ቪዲዮቤት
ልጄ ጽጌ፣ ማጫወቻሽም ጤነኛ ነው፣ ዲስኮቹም ጤነኞች ናቸው። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ ያ ብቻ ነው። ቀዩ ሳጥን ኤችዲ ዲቪዲ የሚባለው ነው፣ የብሉሬይ ባላንጣ የነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ኤችዲ ዲስኮች በአንድ ሰሞን ገበያ ወጡ። ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲን አሜሪካ ውስጥ በኤፕሪል አቀረበ፣ ማጫወቻው 499 ዶላር ነበር። በጁን ብሉሬይ ተከተለ፣ የሳምሰንግ የመጀመሪያው ማጫወቻ 999 ዶላር! የፊልም ስቱዲዮዎቹም ተከፋፈሉ። አንዱ ለቀዩ ብቻ ያወጣል፣ ሌላው ለሰማያዊው ብቻ። የሚወደውን ፊልም ሁሉ ልይ ያለ ሰው ሁለት ማጫወቻ መግዛት ሊኖርበት ነው። ማን ያደርገዋል? ሁለቱ የቪዲዮ ካሴት ዓይነቶች፣ ቤታማክስና ቪኤችኤስ፣ የተፋለሙበትን ዘመን ያየ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ካሴት ሳከራይ የቤታ ማጫወቻ ይዞ የሚያየው ያጣ ደንበኛ ነበረኝ። ያ ሰው ሁለተኛ ይሞኛል? አይሞኝም።

ደግሞስ ዲቪዲው ምን አጠፋ? ያኔ ብዙ ቤት ያለው ወፍራሙ አሮጌ ቲቪ ነው። በእሱ ላይ ኤችዲ ብታስገቢበት ልዩነቱ አይታይም። አዲሱን ዲስክ ለማየት አዲስ ቲቪም መግዛት አለብሽ። ስለዚህ ሁለቱም ዲስኮች ከዲቪዲ ጋር ሲነጻጸሩ በቀስታ ነበር የሚሸጡት። በኖቬምበር 2007 ትልቁ መደብር ዎልማርት የቶሺባን ማጫወቻ በ98.87 ዶላር ቸበቸበው፣ ያም አላዳነውም። ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 የፊልም ስቱዲዮው ዋርነር ወደ ብሉሬይ ብቻ እዞራለሁ አለ። ፌብሩዋሪ 19 ቶሺባ በቃኝ ብሎ አቆመ። ከልደቱ እስከ ቀብሩ ሁለት ዓመት አልሞላም።

ጽጌ_ሜሪላንድ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

ዳዊት_ስክሪን
ጋሽ ቪዲዮቤት፣ ዋርነር ብቻውን አይደለም የወሰነው። የጌም ማጫወቻውን ፕሌይስቴሽን 3ን ረሱት። በኖቬምበር 2006 ብሉሬይን ሆዱ ውስጥ ይዞ መጣ። ሰው ለጌም ብሎ ገዛው፣ ብሉሬይም ሳይጠራ ቤት ገባ። የተፎካካሪው ጌም ማጫወቻ የኤክስቦክስ 360ው ኤችዲ ዲቪዲ ግን ለብቻው የሚገዛ ተቀጥላ ነበር፣ 199 ዶላር ተጨማሪ።

ጋሽ_ቪዲዮቤት
አልረሳሁም ልጄ። ፕሌይስቴሽኑም እኮ 499 እና 599 ዶላር ነበር። ስቱዲዮው ፓራማውንት ደግሞ በኦገስት 2007 ወደ ቀዩ ዞሮ ነበር። ፕሌይስቴሽን ነገሩን ጨርሶት ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ማን ወደ ቀዩ ይሄዳል?

ሐና_ዳላስ
ጽጌ፣ እነሱ ይከራከሩ። አንቺ ዲስኮቹን ከሳጥን አውጪና ሁለቱንም ፊት እዪ። በአንድ በኩል የፊልሙ ሥዕል ታትሞበት ከሆነ እሱን ተዪው፣ በዚህ ማጫወቻ አይሠራም። ሥዕል ከሌለውና በሁለቱም በኩል የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ኮምቦ ነው። በአንዱ ፊት ኤችዲ ዲቪዲ፣ በሌላው ፊት ተራ ዲቪዲ አለው። ቀዳዳው ዙሪያ ባለችው ጠባብ ቀለበት ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። አንዱን ፊት ካላነበበ ገልብጠሽ አስገቢው። ጥራቱ የዲቪዲ ነው የሚሆነው፣ ለልጆች ግን ምንም አይልም።

ሽቦ_በጣሽ
ሶፍትዌሩን አደሽው ወይ? እኔ እኮ መልሱን ቅድም ሰጥቻለሁ።

ሐና_ዳላስ
ሽቦ፣ ማደስ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ሌዘሩ እንኳ ተመሳሳይ ነው፣ ሁለቱም 405 ናኖሜትር ነው የሚጠቀሙት። ልዩነቱ ጥልቀቱ ላይ ነው። በኤችዲ ዲቪዲ መረጃው ያለው ከላዩ 0.6 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው፣ ልክ እንደ ዲቪዲ። በብሉሬይ ግን 0.1 ሚሊሜትር ላይ ነው። የብሉሬይ ሌንስ የተሠራው ለዚያ ቅርብ ርቀት ነው፣ በሶፍትዌር አይስተካከልም። ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ ኤልጂ በ2007 አውጥቶ ነበር፣ 1,199 ዶላር።

የቦሌው_ልጅ
በዚያ ዋጋ ልጆቹን ሲኒማ ወስዳ ቤቱን ማሳደስ ትችላለች።

ጽጌ_ሜሪላንድ
ሐና!! ሁለቱ በሁለቱም በኩል ያብረቀርቃሉ! የተቀሩት ሥዕል አላቸው። አንደኛው ደግሞ የካርቱን ነው። ቆይ ልሞክር፣ በር እየተንኳኳ ነው።

የካሳንቺስ_እህት
ሥዕል ያላቸውን አትጣያቸው የኔ ቆንጆ። ለቤተክርስቲያን ባዛር ይሆናሉ።

ዳዊት_ስክሪን
ባዛር ላይ ማን ሊገዛ? የኔ ምክር፣ ያ የኤክስቦክስ ተቀጥላ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። አሮጌውን ካገኘሽ ቀዮቹን ማየት ትችያለሽ። ዲስኮቹ እንዳይቀዱ የሚከላከል ቁልፍ ስላላቸው ግን ኤችዲ ዲቪዲ የሚያውቅ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ገዝተሽ ከመድከምሽ በፊት የዲስኮቹን ጠርዝ በብርሃን እዪ። ብዙዎቹ በዕድሜ ይበላሻሉ፣ ጭረት ሳይኖርባቸው መሃል ላይ የሚቆሙ አሉ።

ጋሽ_ቪዲዮቤት
ዋርነር በ2009 የቀዩን ሽፋን ለላከ ሰው ፊልሙን በብሉሬይ በ4.95 ዶላር ይለውጥ ነበር፣ የፖስታው ለብቻ። ያም ከተዘጋ ቆየ። አዲስ አበባ እኮ ይሄ ጣጣ አልደረሰብንም። ከካሴት ወደ ቪሲዲ፣ ከቪሲዲ ወደ ዲቪዲ፣ ከዚያ ፍላሽ ይዘን ሄድን።

የቦሌው_ልጅ
ጽጌ፣ ሠራልሽ? 12 ሰዓት አልፏል። በእኛም።

ፍራንክፈርት_ማታ
ጥያቄ ላስገባ። እህቴ ከአትላንታ ብሉሬይ ፊልሞች አምጥታልኝ ነበር። ሰማያዊ ሳጥን ነው፣ አረጋግጫለሁ። እዚህ የገዛሁት ማጫወቻ ግን አንዳንዱን ያነባል፣ አንዳንዱን እምቢ ይላል። ይሄስ ምንድን ነው?

ጋሽ_ቪዲዮቤት
ይሄ የክልል ቁልፍ ነው። የሚገርመው ቀዩ እሱ አልነበረበትም።

ሐና_ዳላስ
ፍራንክፈርት፣ ሳጥኑን ገልብጠህ ጀርባውን እይ። ሉል የምትመስል ትንሽ ምልክት ውስጥ ፊደል አለ። አሜሪካ ኤ ናት፣ አውሮፓና አፍሪካ ቢ ናቸው። ኤ ብቻ የሚለው የአንተ ማጫወቻ ላይ አይሠራም። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሦስቱም ያሉበት የትም ይሠራል። እህትህ ቀጣይ ስትመጣ ይህን አይታ ትግዛ።