ለሚያስለው ፈረሴ ምን ልጎዝጉዝለት?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው እንጅባራ ነው። ዳማ ፈረሴ 12 ዓመቱ ነው። ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ላይ ቀርቶ አያውቅም ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሳል ያዘውና አላወጣሁትም። መስክ ሲውል ቀለል ይለዋል፣ ጋጣ ሲያድር ይብስበታል። ጠዋት ስገባ አፍንጫው ተከፍቶ፣ ሆዱን እየገፋ ሲተነፍስ አገኘዋለሁ። አንጀቴን ይበላኛል።

የእንስሳት ሐኪሙ ትኩሳት እንደሌለው አይቶ «አቧራና ሻጋታ አርቅለት» አለኝ። እስካሁን የምጎዘጉዝለት የጤፍ ጭድ ነው። ትናንት አንድ እፍኝ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ሳራግፈው እንደ ዱቄት ቦነነ። ከሥር ያለው ደግሞ በሽንቱ ርሶ ሻግቷል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

ሰጋቱራ ልሞክር ብዬ እንጨት ቤት ሄድኩ። ከመጋዙ ሥር ያለው በጣም ደቃቅ ነው፣ እሱም የሚቦን መሰለኝ። ከመላጊያው የሚወጣው ሰፋፊው ይሻል ይሆን? ወይስ ጭዱን ውኃ እያርከፈከፍኩበት ልቀጥል? እርጥበቱ መልሶ እንዳያሻግተው ፈራሁ። ለብርዱ ብዬ ዘግቼው የነበረውን መስኮትም አሁን ከፍቼዋለሁ።

በእጁ የሞከረ ካለ፣ ምን ያህል ወፍራም ተደርጎ እንደሚጎዘጎዝና በስንት ቀኑ እንደሚቀየር ጭምር ንገሩኝ፣ እባካችሁ።