ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ድምፅ መስጠት ለትንንሽ ከተሞቻችን ይበጃል ወይስ አይበጅም?

ጥያቄውን ያነሣው (ፍኖተ ሰላም)፦
እንደምን ዋላችሁ። እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ኮኔቲከት በሚባለው ግዛት ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫ ድምፅዋን የሰጠችው ምርጫው 9 ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነው። ገባች፣ ስሟን ከመዝገቡ አመሳከሩላት፣ ወረቀቱን ሞልታ በኤንቨሎፕ አሽጋ ሳጥን ውስጥ ጨመረች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። የግዛቲቱ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ድምፅ ሰጥቶ ነው ይህን አሠራር ያመጣው። በ2024ቱ አጠቃላይ ምርጫ 169ኙም ከተሞች እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ቦታ ለ14 ቀናት ከፍተው ነበር።

እኛ ደግሞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። እናቴ ከማለዳው ጀምራ ተሰለፈች። ዝናቡ መጣ፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጣበቀ፤ ጉልበቷ አልቆም አላትና ከፊቷ ሠላሳ ያህል ሰው ሲቀር ተመለሰች። የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መራዘሙን የሰማችው በማግስቱ ነው። ካርዷ እስከ ዛሬ ሣጥኗ ውስጥ አለ። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ብትሄድ ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? እኔ ይጀመር ባይ ነኝ።

ጡረታ የወጡ መምህር (ቢቸና)፦
ለእናትህ አዝኛለሁ፤ እግዚአብሔር ጤናዋን ይስጣት። ነገር ግን በእኛ አሠራር ከሁሉ የምወደውን ነገር ልታፈርስብኝ ነው። ድምፅ መስጠቱ ሲያበቃ ሳጥኑ ከዚያው ጣቢያ ሳይወጣ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች እያዩ ይከፈታል፣ ይቆጠራል፣ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ሳጥኑ ሳይቆጠር አንዲት ሌሊት አያድርም። አንተ 14 ሌሊት ይደር እያልከኝ ነው። በእኛ ከተማ የማዘጋጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው የማን ዘመድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰውየው ንጹሕ ቢሆን እንኳ የተሸነፈው ወገን አያምነውም።

የእህል ነጋዴ (ደንበጫ)፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው። እኔ የሰው ጤፍ በአደራ ተቀብዬ በመጋዘን አሳድራለሁ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብለን ነው የምንኖረው። እህል የሚያምነኝ ሰው ለወረቀት ታማኝ ሰው አያጣም። በዚያ ላይ ሰኔ ማለት ለገበሬው ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፤ በቆሎው ኩትኳቶ ይፈልጋል፣ የጤፉ መሬት ደጋግሞ ይታረሳል። በሬ ተውሶ ተራ የደረሰው ሰው ያን ቀን አርሶ ካልዋለ ተራው አለፈው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ገበያ በወጣበት ቅዳሜ ድምፁን ሰጥቶ ቢመለስ ማንን ይጎዳል?

መምህሩ፦
ጤፍ ጠዋት ይመዘናል፤ ጉድለቱም በሚዛን ይታወቃል።

በ2013 የጣቢያ አስፈጻሚ የነበረ (ደጀን)፦
መምህር ያሉት ትልቅ ነጥብ ነው፤ ሥራውን በእጄ ስለሠራሁት ላስረዳ። ጠዋት ሳጥኑን ባዶ መሆኑን ገልብጠን ለወኪሎቹ እናሳያለን። ከዚያ እንዘጋውና የማሸጊያውን ቁጥር ጮክ ብለን እናነባለን፤ እነሱም በየደብተራቸው ይጽፉታል። ማሸጊያው ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ካልተቆረጠ አይከፈትም፣ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ስለዚህ ሳጥን ቢያድርም ጠዋት ቁጥሩን ማመሳከር ይቻላል። መዝገቡ ላይ ያለውን የመራጮች ፊርማ ቆጥሮ ከወረቀቱ ብዛት ጋር ማስተያየትም ይቻላል። ችግሩ ብዛቱ ልክ ሆኖ ወረቀቱ ሌላ ሊሆን መቻሉ ነው። ያንን የሚከለክለው ማሸጊያውና የሰው ዓይን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በ2013ቱ ምርጫ የመራጮች መዝገባችን የወረቀት ደብተር ነበር፤ ሰው የሚመርጠው በተመዘገበበት ጣቢያ ብቻ ነበር፤ አንድ ጣቢያም እስከ 1,500 ሰው ይይዝ ነበር። በዚያ አሠራር ለከተማው ሁሉ አንድ የቅድሚያ ጣቢያ ብንከፍት የሁሉም ቀበሌ ደብተር እዚያ መምጣትና በምርጫው ቀን ወደየቦታው መመለስ አለበት። አንዱ ደብተር ቢዘገይ ጣቢያው ሙሉ ቀን ይቆማል። ጣት ላይ የሚቀባውንም ቀለም አስቡት፤ ከቆዳ ላይ በቀናት ውስጥ ይለቅቃል፣ የሚቆየው ጥፍር ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የመረጠ ሰው በምርጫው ቀን ጣቱ ንጹሕ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

የሕግ ተማሪ (ደብረ ማርቆስ)፦
እኔ ደግሞ ከሕጉ ጋር የሚጋጨውን ላንሣ። በእኛ ሕግ ቅስቀሳ ከድምፅ መስጫው 4 ቀን በፊት ይቆማል፤ መራጩ በጸጥታ እንዲያስብ ነው። ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚመርጠው ሰው የድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በደጁ እየጮኸ ሊመርጥ ነው። ከመረጠ በኋላ የዕጩው ጉድ ቢወጣስ? ስዊድኖች ለዚህ መላ አላቸው፤ ምርጫው 18 ቀን ሲቀረው ድምፅ መስጠት ይጀመራል፣ ሐሳቡን የለወጠ ግን በምርጫው ቀን ጣቢያው ሄዶ እንደገና ይመርጣል፣ የቀድሞው ኤንቨሎፕ ሳይቆጠር ይቀራል። ይህ የሚሆነው ግን ኤንቨሎፑ የማን እንደሆነ ተለይቶ እስከዚያ ቀን ሲጠበቅ ነው። በእኛ ሳጥን ውስጥ አንዴ የገባ ወረቀት ባለቤት የለውም፤ እንዲኖረውም አልፈልግም።

አንድ አባት (ሉማሜ)፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ሰላም ይውረድ፣ መንገዱም ይከፈት። ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሰላም የሚመለስበት አንድ ቀን ካልተገኘ 14 ቀን ምን ያደርግለታል?

ነርስ (ሞጣ)፦
አባቴ እውነትዎን ነው። ሰላም ሲሆንም ግን የእኔ ጥያቄ አይቀርም። በምርጫው ቀን ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት ምጥ ይዟት መጣች፤ ትቻት መሰለፍ አልችልም፣ አልሞከርኩትምም። ተረኛ ፖሊስ፣ ሾፌር፣ ምጥ የያዛት ሴት ሁላችንም ካርድ ነበረን፣ አልመረጥንም። ሕጉ ለወታደሮች ካምፕ፣ ለተፈናቃዮችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ ጣቢያ ያውቃል። ጋና ውስጥም የጸጥታ ኃይሎች፣ የምርጫ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ቀድመው ይመርጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫው ታኅሣሥ 7 ሲሆን እነሱ የመረጡት በ2 ነው፤ ሳጥኑ ታሽጎ ቆይቶ ከሌላው ጋር ተቆጠረ። እኔ 14 ቀን አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ደብተር ይሁንልን።

ጥያቄውን ያነሣው፦
እህቴን መልሼ ጠየቅኋት። እነሱም ዘንድ ኤንቨሎፖቹ በየምሽቱ ወደ ከተማው ጸሐፊ ቢሮ ተወስደው ይቆለፍባቸዋል፤ እሷ ግን ማን ይጠብቃቸዋል ብላ አስባ አታውቅም። መምህር በመጀመሪያው ቃላቸው የጠየቁት ይህንኑ ነበር። 14 ቀን ያልኩትን ትቻለሁ። የነርሷን አንድ ቀን ግን አልተውም፤ እናቴም አብራ ትግባበት፤ አቅመ ደካማና ነፍሰ ጡር ይጨመር።

መምህሩ፦
አንድ ሌሊት ከሆነ፣ ደብተሩም ከጣቢያው ካልወጣ፣ እኔ ራሴ ጋቢዬን ይዤ ደጃፉ ላይ አድራለሁ።

የጣቢያ አስፈጻሚ የነበረው፦
መምህር፣ እርስዎ ብቻዎን አይበቁም። ከየፓርቲው አንድ አንድ ወኪል፣ ከታዛቢ አንድ ሰው አብረው ይደሩ። በሩ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆኑ። የማሸጊያው ቁጥር ማታ ይነበብ፣ ጠዋት ይነበብ፤ ወኪሎቹ በየደብተራቸው ከጻፉት ጋር ካልተመሳሰለ ያ ሳጥን ለብቻው ተለይቶ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ስለ መብራቱም ከወዲሁ እናስብ፤ በሰኔ ሌሊት መብራት ይጠፋል።