የ77ቱ መቃብር፦ ለሼድ ይሰጥ ወይስ ይከለል?

ጠያቂ (ከኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በ1977ቱ ድርቅ መጠለያ ከነበረው ሜዳ በላይ ያለውን የመቃብር ቦታ ለወጣቶች የዶሮ እርባታ ሼድ እንስጠው የሚል ሐሳብ ቀበሌያችን ውስጥ ተነስቷል። ቦታው የመስጊድም የቤተ ክርስቲያንም ይዞታ አይደለም፤ ስም የተጻፈበት ድንጋይም የለውም። ቁልቋሉን ገለጥ አድርጎ ላየ ግን ራስጌና ግርጌ የቆሙት ድንጋዮች ተርታቸውን እንደያዙ ናቸው። አንዳንዱ ጋ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው አንድ ክንድ ከስንዝር አይሞላም፤ የሕፃን ነው። የእኔ አቋም ይከለል ነው። እናንተስ?

ተመዝጋቢው፦ ለሼዱ ከተመዘገቡት አንዱ ነኝ። አያቴ በ77 ነው የሞተው፣ የት እንደተቀበረ አባቴም አያውቅም። ስለዚህ ለሙት ክብር የለውም እንዳትሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ከብት ሲግጥበት፣ ድንጋዩ ለግቢ አጥር ሲለቀም ዝም ተብሎ፣ እኛ ሥራ እንጀምር ስንል መቃብር መሆኑ ትዝ አላችሁ? እነዚያ ሰዎች ያለቁት በማጣት ነው። የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ሠርተው ቢበሉ ምኑ ላይ ነው ነውሩ?

ደረሳው፦ ወንድሜ ያለው ከባድ ነገር ነው፣ አትቆጡት። አጥንቱ ፈርሶ አፈር ከሆነ በኋላ መሬቱን ማረስም ቤት መሥራትም ይቻላል ያሉ ዑለሞች አሉ። ቅድመ ሁኔታው ግን አፈር መሆኑ ነው። የሙት አጥንት መስበር በሕይወት ያለን ሰው አጥንት እንደ መስበር ነው የሚል ሐዲስ አለን። ለሼዱ መሠረት ሲቆፈር አጥንት ቢወጣ ማን ኃላፊነት ይወስዳል? ሐውልት ይቁም የምትሉም ካላችሁ፣ መቃብር ላይ ግንባታ እኛ ዘንድ አይወደድም። አጥር ይበቃል።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ ያኔ መጠለያ ውስጥ ሠርቻለሁ። የገደላቸው ረሃቡ ብቻ አልነበረም፤ ሰው በሰው ላይ ተፋፍጎ ኩፍኙ፣ ቅማል የሚያመጣው ተስቦና ግርሻ፣ ተቅማጡ ነው የጨረሳቸው። ጠዋት ጠዋት በየድንኳኑ እየዞርን ያላደሩትን እንለይ ነበር። ከፈን ሲያልቅ በእርዳታ እህል ጆንያ ተጠቅልለዋል። የሚፈታም የሚሰግድም ሲገኝ ተደርጎላቸዋል፤ ያልተገኘ ቀን እንዲሁ ገብተዋል። ወሎ ውስጥ ለማንም ምስኪን ቅሬ፣ ማለትም የቀብር እድሩ፣ ይወጣል፣ እዝን ይቀመጣል። እነዚህ ግን ቀባሪያቸውም አብሯቸው ታሞ ነበር። ምግብ ለሚሰጣቸው ሕፃናት ክንዳቸው ላይ ቁጥር ያለው አምባር እናስር ነበር፤ ሲሞቱ አምባሩ ይፈታል። ያ ሜዳ ላይ ሼድ ሲቆም ማየት አልችልም።

መምህሩ (ከደሴ)፦ ሲስተር፣ ቁጥር ሲሉ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ሚሌጅቪል የሚባል ከተማ በ1842 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። ግቢው ውስጥ 25,000 ያህል ሕሙማን እንደተቀበሩ ይገመታል፤ ምልክታቸው ቁጥር የተመታበት የብረት ችካል ነበር። ኋላ ሣር ለማጨድ አስቸገረ ተብሎ ችካሉ ተነቀለ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋ። መዝገብ የነበረው ሀብታም አገር እንዲህ ከሆነ፣ መዝገብ የሌለን እኛ ድንጋዩን ካነሳን ምን ይቀረናል? የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ሟቾች እንኳ አንዱ 40,000፣ ሌላው 200,000 ይላል። በወቅቱ መንግሥት ይደብቅ ስለነበር የቆጠረ የለም። በ77ም አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ሰው እየረገፈ ነበር።

የሐይቅ ልጅ፦ እኔ መከለሉንም ሼዱንም አልደግፍም። ወሎ ሲባል ረሃብ ብቻ መነሳቱ መረረን። አጥሩ ከቆመ ጋዜጠኛው፣ ካሜራው ይመጣል። ዛፍ ተክሎ መተው ነው።

ጠያቂ፦ መተውማ እስካሁንም ተትቷል፣ ድንጋዩ እየተለቀመ ያለው ለዚያ ነው። ካሜራውን ፈርተን የራሳችንን ሙት አንደብቅም፤ የደበቁትን እያማረርን አይደል እንዴ ያደግነው? የምለው ይኸው ነው፦ ዙሪያው በድንጋይ ካብ ይከለል፣ ሐውልት አይቁም። ወደ መተከልና ኢሉባቦር ሰፈራ ከሄዱት የተመለሱ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፤ ማንን የት እንደቀበሩ የሚያስታውሱትን ቅሬዎቹ ይጻፉ። ተመዝጋቢው ወንድሜ፣ ያነሳኸው ጥያቄም እውነት ነው። ሌላ ቦታ እንዲሰጣችሁ አብረን እንጠይቅ።

ተመዝጋቢው፦ አያቴ እዚያ ሊሆን እንደሚችል ሲስተር ሲጽፉ ነው ያሰብኩት። ደብዳቤውን ጻፉት፣ እፈርማለሁ። የእኛ ምትክ ቦታ ግን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር እንዳይታለፍ፤ ከነስፋቱ አንደኛ ተራ ላይ ይግባ። ካልገባ አልፈርምም።