ቅብ አረር ከቤት ውስጥ ተኩስ ሜዳ ይታገድ?

ቀለህ ለቃሚ፦ ጥያቄው ይኸው። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ፈረቃ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ ልክ በሜትር ኩብ ከ50 ማይክሮግራም ወደ 10 አውርዳለች። የፌዴራሉ ልክ ግን 50 ነው። ልኩ ሲጠብቅ የቤት ውስጥ ሜዳ ያለው ሰው ቀድሞ የሚያስበው «የእርሳስ አረር አይገባም» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነው። ታዲያ ቅብ አረርስ፣ ማለትም ተወዳዳሪው እቤቱ ጥይት ሲሞላ የሚጠቀምበት፣ ቀለም የተቀባው የእርሳስ አረር? ይታገድ?

ዳኛ 9፦ ይታገድ። ቢቀቡትም ውስጡ ያው እርሳስ ነው። ከበርሜል ደህና ወጣ እንበል፤ የብረት ማቆሚያው ላይ ሲያርፍ ግን ይደቃል፣ ብናኙን የሚተነፍሰው ጠራጊው ነው። ተኳሹ አንድ ሰዓት ተኩሶ ይሄዳል፤ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው።

አረር አቅላጭ፦ ዳኛው፣ ይሄ ክስ የፋብሪካውንም ጥይት ይመለከታል እኮ። መዳብ የለበሰውን ተራ አረር ገልብጠህ እየው፤ ቂጡ ክፍት ነው፣ የባሩዱ እሳት የሚልሰውም እዚያ ያለውን እርሳስ ነው። ቅቡ ቂጡም ተሸፍኗል። ማቆሚያው ላይ ሁለቱም ያው ይደቃሉ። ደግሞ ፕራይመሩን፣ ባሩዱን የሚለኩሰውን ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን ቆብ፣ ማን አነሳው? በተለመደው ፕራይመር ውስጥ ያለው ሊድ ስታይፍኔት ራሱ የእርሳስ ውሁድ ነው። አረሩ ንጹህ መዳብ ቢሆን እንኳ ጢሱ ፊትህ ላይ ይወጣል።

ግሬን በግሬን፦ አቅላጭ ያልከው የሚሠራው ቅቡ ከበሰለ ብቻ ነው። የዱቄት ቀለም ከሆነ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ ደቂቃው የሚቆጠረው አረሩ ራሱ ከሞቀ በኋላ ነው እንጂ የምድጃው በር ከተዘጋ ጀምሮ አይደለም። ሲቀዘቅዝ አሴቶን በነካ ጨርቅ እሹት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ አልበሰለም። አንዱን ደግሞ በመዶሻ ጠፍጥፉት። ቀለሙ አብሮ መለጠጥ አለበት፤ ከተላጠ ያ ዙር በሙሉ አይተኮስም።

ብዙው ጥፋት ግን ከምድጃ በኋላ ነው። ለ9 ሚሊሜትር ቅቡ አረር 0.356 ኢንች ነው፣ መዳብ የለበሰው 0.355። ለመዳቡ የተሠራ ማስፊያ የቀለሁን አፍ በቅጡ ስለማይከፍተው አረሩ ሲገባ ከንፈሩ ቀለሙን ይልጠዋል። አረሩ በጣት ሲቀመጥ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ክፈቱት። የክሪምፑ፣ ማለትም የቀለሁን አፍ መልሶ የማጥበቡ፣ ሥራ ያንን ክፍት መልሶ ማቅናት ብቻ ነው፤ አፉ ላይ በካሊፐር ከ0.378 እስከ 0.380 ኢንች ይበቃል። አንዱን ነቅላችሁ እዩ። ቀለሙ ላይ የተቆረጠ ቀለበት ከታየ ክሪምፑ ጠብቋል። በርሜሉን እርሳስ የሚያስለብሰው ያ ነው፤ ጥይት ከሚጎርስበት ትንሽ ወደፊት ግራጫ ጭረት ታያላችሁ።

የቅቡ አረር ትከሻ ብዙ ጊዜ ወፈር ይላል። በርሜሉን ፈትታችሁ ጥይቱን ጣል አድርጉበት፤ በራሱ ገብቶ፣ በጣት ዞሮ፣ ሲገለበጥ መውደቅ አለበት። ካልሆነ አረሩ ጠለቅ ይደረጋል፤ ሲጠልቅ ደግሞ ግፊቱ ስለሚጨምር ባሩዱን ከሠንጠረዡ መነሻ ልክ እንደ አዲስ ጀምሩ። (የባሩድ ልክ እኔን አትጠይቁ፤ የባሩዱ አምራች ያወጣውን እዩ።)

ዳኛ 9፦ ጥሩ ትምህርት ነው። በሩ ላይ ግን ማን ይፈትሸዋል? ተቀባዩ የያዘው ማግኔት ነው፤ ማግኔት ብረት ይለያል እንጂ ያልበሰለ ቀለም አይለይም። «የፋብሪካ ብቻ» ማለት የሚቀለው ለዚህ ነው።

ቀይ ነጥብ፦ ለበረኛው ቀለለ ተብሎ ተወዳዳሪው ይባረር? የተኩስ ውድድር በሚመሩት በአይፒኤስሲም ሆነ በአሜሪካው ዩኤስፒኤስኤ የዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ወለል 125 ነው፤ የአረሩ ክብደት በግሬን፣ በሰከንድ በሚሄደው ጫማ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል። 147 ግሬን በ885 ጫማ ሲሄድ 130 ይሆናል፣ 124ቱ ያንን ለማግኘት 1,050 ይፈልጋል። ሰው እቤቱ የሚሞላው ይህችን ልክ ለራሱ ሽጉጥ ለማስተካከል ነው። ብረት ዒላማ ላይ ደግሞ ወደ ተኳሹ የሚመለስ የመዳብ ስንጣሪ የለውም።

ዳኛ 9፦ ብረት ዒላማውን ተወው፤ የምናወራው ስለ ቤት ውስጥ ሜዳ ነው።

አየር ማናፈሻ፦ ስለ ቀለም ትከራከራላችሁ፣ ነገሩ አየሩ ላይ ነው። የናዮሽ (የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም) ምክር ተኳሹ የሚቆምበት መስመር ላይ በደቂቃ 75 ጫማ፣ ቢያንስ 50፣ ከጀርባ ወደ ዒላማው የሚነፍስ አየር ነው። ጢስ ወደ ተኳሹ ፊት ከተመለሰ የአረር ክልከላ ምንም አያድንም። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ደግሞ የተኛውን ብናኝ ማስነሳት ነው፤ ሄፓ (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ) ማጣሪያ ያለው መምጠጫ ወይም እርጥብ ማጽዳት ያስፈልጋል።

እቤታችሁ ጥይት የምትሞሉም አትዝናኑ። ቀለህ በደረቅ ፍርፋሪ ስታጥቡ ከበርሜሉ የዳነው የፕራይመር ቅሪት ጋራዣችሁ ውስጥ ይቦናል። በውሃና በብረት መርፌ እጠቡት፣ ልጆች ከሚደርሱበት አርቁት። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ከ2021 ጀምሮ በሕፃናት ደም ውስጥ ላለ እርሳስ የሚጠቀምበት መመዘኛ በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ነው።

ዳኛ 9፦ እሺ፣ ቅቡን ለይቼ አልከስም። ግን ማናፈሻና ሄፓ ገንዘብ ነው። በሰዓት 2 ዶላር ቢጨመርባችሁ ትከፍላላችሁ?

አረር አቅላጭ፦ እከፍላለሁ። አንተም መጥረጊያውን ጣል።